የሳሎን ጌጥ ከጠርዝ እስከ ዞኮሎ፦ ከአዳማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ስለ ቤት ውስጥ ጌጥ ጥያቄ እንድትልኩልን በጠየቅነው መሠረት ከአዳማ አንባቢዎቻችን ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። መልሱ ለሌላ ከተማም ይሠራል፤ ነገር ግን የአዳማ ሙቀት፣ ንፋስ፣ አቧራና ምስጥ የራሳቸው ጣጣ ስላላቸው በየቦታው አንስተናቸዋል።

አስቀድመን አንድ የስም ነገር እናጥራ። በግንባታ ቋንቋችን "ኮርኒስ" የምንለው ጣሪያውን ከውስጥ የሚሸፍነውን ነው። ስለዚህ ግድግዳና ኮርኒስ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚዞረውን ጌጥ "የጠርዝ ሞልዲንግ"፣ ግድግዳ ላይ በአራት ማዕዘን የሚለጠፈውን "ፍሬም"፣ ከወለሉ ጋር የሚሄደውን እንደተለመደው "ዞኮሎ" ብለነዋል።

ጥያቄ፦ ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳችን ስፋቱ 3 ሜትር ከ60፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ60 ነው። ሦስት ፍሬም ማሠራት ፈልገን ባለሙያው እያንዳንዱን 104 በ150 ሴንቲ አድርጎ "2 ሜትር ከ40 የሆነ 9 ዘንግ ግዙ" አለን። ባለቤቴ ደግሞ ዙሪያውን ደምሮ 7 ይበቃል ይላል። የቱን እንመን? (ት.፣ ከፍራንኮ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ድምሩን አልተሳሳቱም። የአንዱ ፍሬም ዙሪያ 508 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሦስቱ 15 ሜትር ከ24 ይሆናሉ። ለ2.40 ሲካፈል 6 ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ሞልዲንግ እንደ ገመድ እየተቀጠለ የማይሠራበት መሆኑ ነው። ከአንዱ ዘንግ 150 ሲቆረጥ 90 ይተርፋል፤ 90 ደግሞ ለ104 አይበቃም። ስለዚህ ስድስቱ ቋሚዎች 6 ዘንግ ይበላሉ፤ ስድስቱ አግዳሚዎች ከአንድ ዘንግ ሁለት ሁለት እየወጡ 3 ዘንግ ይጨምራሉ። 9 ያሉት ባለሙያ በዚህ አሠራር ልክ ናቸው። የተረፈውን 90 ቀጥሎ መጠቀም ይቻላል፤ ግን በቀጭን ሞልዲንግ መሐል የገባ ቅጥያ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት ሁልጊዜ ይታያል። አንመክርም።

እኛ ብንሆን የፍሬሙን ቁመት ከ150 ወደ 128 እናወርደው ነበር። 128 ሲደመር 104፣ 232 ይሆናል፤ ቋሚውም አግዳሚውም ከአንድ ዘንግ ይወጣሉ፣ መጋዙ የሚበላውም ቦታ ያገኛል። ስድስት ዘንግ ይበቃል፤ አንድ ለብልሽት ጨምረው 7 ይግዙ። ቁመቱ መቀነሱ ለግድግዳውም ይሻለዋል። የጠርዝ ሞልዲንግዎ 8 ሴንቲ ወደ ታች ይወርዳል ብንል ከሱ በታች 12 ሴንቲ ትተው የፍሬሙን ላይኛ ጠርዝ ከወለል 2 ሜትር ከ40 ላይ ያድርጉ። ታችኛው ጠርዝ 1 ሜትር ከ12 ላይ ያርፋል፤ ከአብዛኛው ሶፋ መደገፊያ በላይ ነው። በ150 ቢሠራ ግን ታችኛው ጠርዝ 90 ሴንቲ ላይ ይወርድና የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ሲደገፍበት በአንድ ዓመት ውስጥ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ማዕዘኑም ይላቀቃል።

104 ከየት መጣ ለሚለው፦ ከ360 ላይ አራት ክፍተት በ12 ሴንቲ (48) ይቀነሳል፤ የቀረው 312 ለሦስት ይካፈላል። የሌላ ግድግዳ ስፋት ያላችሁ በዚሁ አሠራር ሥሩ። ክፍተቶቹ እኩል መሆናቸው ከፍሬሙ መጠን ይበልጣል፤ ዓይን ቶሎ የሚይዘው እነሱን ነው። በግራ 12፣ በቀኝ 14 ከሆነ ማንም ሳይለካ ያውቀዋል።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስቱንም ፍሬም በእርሳስ ግድግዳው ላይ ይሳሉ። አግድሙን በውሃ ልክ እንጂ ከኮርኒሱ እየለኩ አይሳሉ፤ ኮርኒሱ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ወይም 2 ሴንቲ ተዘንብሎ ሊገኝ ይችላል። ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ መስመሩ ላይ ካረፈ ሦስቱንም አብረው ያዛውሩ፤ አንዱን ብቻ ማጥበብ ግድግዳውን ያጣምመዋል። በመስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው አንድ ቀን ያሳድሩትና በጠዋትም በማታም ይዩት።

ሲቆረጥ ጥንዶቹ (ሁለቱ ቋሚዎች፣ ሁለቱ አግዳሚዎችም) አንድ ላይ ተደርድረው ይቆረጡ፤ በየብቻ ተለክተው የተቆረጡ ጥንዶች በ2 ሚሊ መለያየታቸው አይቀርም፣ አራተኛው ማዕዘንም አይዘጋም። ፍሬሙ ወለል ላይ ተገጥሞ ዲያጎናሉ (ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለው ርዝመት) በሁለቱም በኩል ይለካ፦ በ104 በ128 ፍሬም ሁለቱም 165 ሴንቲ ገደማ መምጣት አለባቸው። አንዱ 164 ሌላው 166 ከሆነ ፍሬሙ ተጣምሟልና ከመለጠፉ በፊት ይስተካከል።

ጥያቄ፦ ማዕዘኑን በ45 ዲግሪ ቆርጠን ስንገጥመው አልዘጋ አለ። መጋዙ ነው ወይስ እኛ? (ከቦኩ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ነው። በልስን የተሠራ ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ሆኖ የሚገኘው በዕድል ነው። መለኪያ መሣሪያ ባይኖራችሁም በሜትር ብቻ ይታወቃል፦ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲ፣ በሌላው 80 ሴንቲ ምልክት አድርጋችሁ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ለኩ። ልክ 100 ሴንቲ ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ከ100 በላይ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ 8 ሚሊ ሜትር ማዕዘኑ በ1 ዲግሪ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ካነሰም በዚያው ልክ ጠቧል። 101 ሴንቲ ከ7 ሚሊ ከመጣ ማዕዘኑ 92 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ጫፉ 46 ዲግሪ እንዲሆን ይቆረጣል (ቀጥ ያለውን ቁርጥ 0 ብሎ በሚቆጥር መጋዝ ላይ 44 ነው)።

ከተቆረጠ በኋላም ስህተቱን ከክፍተቱ ማንበብ ይቻላል። ወደ ውስጥ በሚገባ ማዕዘን ላይ ቁራጮቹ ከግድግዳው ጥግ ተነካክተው ከፊት ከከፈቱ ማዕዘኑ ከ90 በላይ ነው። ከፊት ተነካክተው ከጥጉ ከከፈቱ ደግሞ ከ90 በታች ነው። ከትልቁ ዘንግ በፊት 20 ሴንቲ የሆኑ ሁለት ቁርጥራጮች ቆርጣችሁ በየማዕዘኑ ሞክሩና ቁጥሩን እዚያው ግድግዳ ላይ ጻፉት። አራቱ ማዕዘኖች አራት የተለያየ ቁጥር ቢሰጧችሁ አትደንግጡ።

ሌላው የተለመደ ስህተት የጠርዝ ሞልዲንግን በመቁረጫ ሳጥኑ (መጋዙን በዲግሪ በሚመራው ሳጥን) ውስጥ እንደሚሰቀለው አድርጎ ማስቀመጥ ነው። መገልበጥ አለበት፦ ኮርኒሱን የሚነካው ጠርዝ የሳጥኑ ወለል ላይ፣ ግድግዳውን የሚነካው ጠርዝ የሳጥኑ ጎን ላይ ያርፋል። ሳይገለበጥ የተቆረጠ በማንኛውም ዲግሪ ቢሆን አይገጥምም።

እስከ 2 ሚሊ የሚደርስ ክፍተት በስቱኮ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና መቁረጥ ይሻላል፤ ወፍራም ስቱኮ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ስንጥቁም ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የሳሎናችን የጂፕሰም ጠርዝ ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ተሰንጥቋል፤ ከሰዓት ሰፋ ብሎ ይታያል፣ ጠዋት ይጠባል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ በተሰማበት ሰሞን ደግሞ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ቁራጭ ወደቀ። ሌላውም እንዳይወድቅ ምን እናድርግ? (አ.፣ ከመብራት ኃይል ሰፈር)

መልስ፦ ማንም ሰው ሳይጎዳ መቅረቱ እሰየው። መጀመሪያ ዛሬውኑ ከሞልዲንጉ ሥር አልጋ ወይም የሕፃን መኝታ ካለ ያንሱ።

የወደቀውን ቁራጭ ካልጣሉት ጀርባውን ይዩት፤ ለምን እንደወደቀ እሱ ይናገራል። ጀርባው ላይ የግድግዳው ቀለም እንደ ቆዳ ተልጦ ከመጣ የተለጠፈው በቀለም ላይ ነበር ማለት ነው። ማጣበቂያው ምንም ጥሩ ቢሆን የያዘው ቀለሙን እንጂ ልስኑን አይደለም። ጀርባው ለስላሳና ንጹሕ ሆኖ ማጣበቂያው ግድግዳው ላይ ከቀረ ደግሞ ቁራጩ ሲለጠፍ ጀርባው አልተቧጨረም፣ ወይም አቧራው አልተጠረገም። በአዳማ ንፋስ አንድ ሌሊት ያደረ ቁራጭ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ብቻውን ለዚህ ይበቃል። ሦስተኛው ዓይነት ቁራጩ ራሱ ከመሐሉ ተሰብሮ ግማሹ ግድግዳው ላይ የቀረ እንደሆነ ነው፤ ይህ ሲጣል (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ሲሠራ) ቃጫ ያልገባበት ወይም በጣም የቀጠነ ጂፕሰም ነው።

በሦስቱም ዓይነት የጋራው ጉድለት ግን ብሎን አለመኖሩ ነው። በፋብሪካ የሚመረተው የፎም ሞልዲንግ በማጣበቂያ ብቻ ይያዛል፤ ተጥሎ የተሠራ ጂፕሰም ከባድ ስለሆነ በማጣበቂያ ብቻ ሊታመን አይገባውም። የቀረውን በጣትዎ አንጓ በየ20 ሴንቲው እያንኳኩ ይስሙ። ድምፁ ደረቅና አጭር ከሆነ ይዟል፤ እንደ ባዶ ሣጥን ካስተጋባ ለቋል። በለቀቀውም በያዘውም ላይ በየ50 ሴንቲው፣ ከእያንዳንዱ ጫፍም 8 ሴንቲ ገባ ብሎ፣ በ6 ሚሊ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዝ የላስቲክ መያዣ) እና ብሎን ወደ ግድግዳው ይታሰር። ብሎኑ በዚንክ የተለበጠ ይሁን። ተራ ብሎን ወይም ሚስማር በጂፕሰም ውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም በቀለሙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፣ አሥር ጊዜ ቢቀባም አይጠፋም። የብሎኑ ራስ 2 ሚሊ ገባ ብሎ በስቱኮ ይሸፈን። በመዶሻ መምታት ክልክል ነው፤ ከመዶሻው ንዝረት የያዘውም ይለቃል።

የወደቀውን መልሰው ሲያስለጥፉ ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም እስከ ልስኑ ይፋቅ፣ ልስኑ በስፓቱላ ጫፍ ይጫር፣ ከዚያ ግድግዳውም የቁራጩ ጀርባም በብሩሽ ውሃ ይነካ። ደረቅ ልስን የማጣበቂያውን ውሃ በደቂቃ ውስጥ ጠጥቶ ዱቄት ያደርገዋል።

ከሰዓት የሚሰፋው ስንጥቅ ከመንቀጥቀጡ ጋር አይያያዝም። ኮርኒሱ የተሰቀለው ከቆርቆሮው ሥር ባለው እንጨት ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ቀን ሲግል እንጨቱም ኮርኒሱም ይንቀሳቀሳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ሞልዲንጉ በግድግዳውም በኮርኒሱም ከተያዘ አንዱ ቦታ መሰንጠቁ ግድ ነው። መፍትሔው ሞልዲንጉ በግድግዳው ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ነው። የላይኛው መስመር ላይ ያለው ጠንካራ ስቱኮ በስለት ይከፈትና እንደ ላስቲክ በሚለጠጥ፣ ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ ማሸጊያ ይሞላ። ሲሊከን እዚህ ቦታ አይግባ፤ ቀለም ስለማይዝ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የእናቴ ቤት የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱም አቡጀዲ ነው። ለበዓል የጠርዝ ሞልዲንግ ላሠራላት አስቤ ባለሙያው "አይሆንም" አለኝ። እውነት አይሆንም?

መልስ፦ ጂፕሰም አይሆንም፤ ባለሙያው እውነታቸውን ነው። ቀላል ፎም ግን ይሆናል፣ ቤቱንም በጣም ያምርበታል። የጭቃ ቤት ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ከ10 ሴንቲ በላይ ስፋት ያለውን ሞልዲንግ ሳይጨናነቁ ይሸከማሉ።

በምርጊት ላይ ፊሸር አይያዝም፤ ሲቦረቦር ጭቃው ይፈርሳል። ስለዚህ የግድግዳውን ቋሚ እንጨቶች መፈለግ ነው። ከኮርኒሱ በታች ግድግዳውን ሲያንኳኩ ድምፁ የሚጠብቅበት ቦታ ቋሚ አለ፤ በቀጭን ሚስማር ወግተው ያረጋግጡ። በየቋሚው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ቀጭን ሊስቴሎ (ስስ የተሰነጠቀ እንጨት) ከቋሚ ወደ ቋሚ በሚስማር ይምቱ። ሞልዲንጉ የሚለጠፈው በሊስቴሎው ላይ ነው። ከመምታትዎ በፊት ሊስቴሎውን የምስጥ መድኃኒት ያስቀቡት።

አቡጀዲው ምንም እንዲሸከም አይደረግም፣ ማጣበቂያም አይነካው። ማጣበቂያው ሲደርቅ ጨርቁን ይስበውና እስከ ክፍሉ መሐል ድረስ ይጨማደዳል። የሞልዲንጉ ላይኛ ጠርዝ አቡጀዲውን ለስለስ ብሎ እንዲነካ ብቻ ይተው።

ግድግዳው ሞገድ ስላለው ከሞልዲንጉ ሥር አንዳንድ ቦታ 1 ሴንቲ ክፍተት ይታያል። ሞልዲንጉን ገፍተው ከግድግዳው ጋር እንዲታጠፍ አያድርጉት፤ ያን ጊዜ ሞገዱን ከሩቅ ያሳያል። ሞልዲንጉ በቀጥታ መስመር ይሂድና ከሥሩ ያለው ግድግዳ በስስ ምርጊት ወይም በስቱኮ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ወደ ታች ተሳስቦ ይሞላ።

ጥያቄ፦ የፎም ሞልዲንግ ቀለም ስቀባው ሟሟ። ዕቃው የውሸት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የዘይት ቀለም ቀብተውት ወይም በቲነር አቅጥነውት ይሆናል። ፎም ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን በነካው ቁጥር ይሟሟል፤ ብዙ የጫማና የፎርማይካ ማስቲሾችም እንዲሁ ያደርጉታል። የውሃ ቀለምና በውሃ የሚሠራ ማጣበቂያ ብቻ ይጠቀሙ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ካላወቁ ትንሽ ቁርጥራጭ ላይ ጠብ አድርገው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ፎም እሳትም ይፈራል፤ ቡና የሚፈላበት ከሰልና ጧፍ ከሚቀመጥበት ግድግዳ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ጂፕሰም መጣል እየተማርኩ ነው። ባልዲው ውስጥ እያለ ይደርቅብኛል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ደርቆም በእጄ ይፈረፈራል።

መልስ፦ ባልዲውን እንዴት ታጥበዋለህ? ከትናንቱ የቀረ የደረቀ ጂፕሰም አዲሱን እንደ እርሾ ሆኖ ያፈጥነዋል፤ የቆሸሸ ባልዲ፣ የቆሸሸ ማንኪያ፣ የታጠቡበት ውሃ ሁሉ ያው ነው። በአዳማ ቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ የበርሜል ውሃም ያፈጥናል። ንጹሕ የላስቲክ ባልዲና ከጥላ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ያዝ።

ሁልጊዜ ውሃው ይቅደም፦ ለ10 ኪሎ ዱቄት ከ6 እስከ 7 ሊትር ውሃ። ዱቄቱን በእጅህ እየበተንክ ጨምር፤ ደሴት መስሎ ከውሃው ላይ መቅረት ሲጀምር አቁም። ውሃውን እስኪጠጣ 1 ወይም 2 ደቂቃ ተወው፣ ከዚያ አረፋ ሳታነሳ ቀስ ብለህ አማስል። ብዙ ማማሰልም ያፈጥነዋል። የሚፈረፈርብህ ከሁለት በአንዱ ነው፦ ውሃ በዝቷል፣ ወይም መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምረህ መልሰህ አማስለኸዋል። መያዝ የጀመረ ጂፕሰም አይመለስም፤ ጣለው። ቅርጹ ውስጥ መጀመሪያ ስስ ንብር አፍስስ፣ የተፈታታ ቃጫ በረጅሙ አንጥፍ፣ ከዚያ ቀሪውን ሙላ። ቃጫው ፊቱን እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ ከነካ ከቀለም በኋላ እንደ ፀጉር ይታያል።

ጥያቄ፦ የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ዞኮሏችን ከሥሩ አብጦ ቀለሙ ተነሳ።

መልስ፦ ወለሉ በውሃ እየፈሰሰ የሚታጠብ ቤት ውስጥ ኤምዲኤፍ ዞኮሎ አይሠራም። ያበጠው ተመልሶ አይሟሽሽም፤ መቀየር ብቻ ነው። የሴራሚክ ወይም የፒቪሲ ዞኮሎ ያድርጉ፣ ምስጥም አይነካቸውም። ፒቪሲ ከሆነ በየ4 ሜትሩ 5 ወይም 6 ሚሊ መተንፈሻ ይተዉለት፤ በሙቀት ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ከጠርዝ ሞልዲንጉ ጀርባ የተደበቀ መብራት ማድረግ እንፈልጋለን። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ነው። ጎረቤታችን ያሠሩት ኮርኒሱ ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይታያል።

መልስ፦ የጎረቤትዎ መብራት ለኮርኒሱ በጣም ቀርቧል። በሞልዲንጉ ላይኛ ጫፍና በኮርኒሱ መካከል ቢያንስ 12፣ ቢቻል 15 ሴንቲ ክፍት ይሁን። ቤቱ 2 ሜትር ከ60 ከሆነ ይህን ሲሰጡ ሞልዲንጉ 2 ሜትር ከ40 አካባቢ ይወርዳል፤ ከዚያ ላነሰ ቤት አንመክርም። የመብራቱ ገመድ (ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ) በአሉሚኒየም መያዣ ውስጥ ይግባ፤ ሙቀቱን ይወስድለታል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ፎም ላይ በቀጥታ አይለጠፍ።

ዙሪያው 14 ሜትር ነው። በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ገመድ ከመረጡ 202 ዋት ገደማ ይሆናል። 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር ወደ 242 ይደርሳል። አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ከሚያስገቡ ሁለት ባለ 200 ዋት ይሻላሉ። ገመዱ ከአንድ ጫፍ ብቻ ከ5 ሜትር በላይ እንዲመገብ አይደረግ፤ መጨረሻው ይደበዝዛል። ስለዚህ በሦስት ከፍለው እያንዳንዱን ወደ 4 ሜትር ከ70 ያድርጉት። አንደኛው ትራንስፎርመር ሁለቱን ክፍል ይይዛል፣ ጭነቱም 135 ዋት ገደማ ነው። ሦስተኛውን ሁለተኛው ይይዛል። ትራንስፎርመሮቹ ደግሞ በጂፕሰም አይታሸጉ፤ ቀድሞ የሚበላሸው እነሱ ናቸውና ሳይፈርስ እጅ የሚደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከቁምሳጥን በላይ፣ በክዳን ይቀመጡ።

በአዳማ ይህ ጎድጓዳ ቦታ በሁለት ወር ውስጥ አቧራ ይሞላል፤ መብራቱም የሚደበዝዘው ከዕድሜ ይልቅ በዚህ ነው። መጥረጊያ ብሩሽ የሚያስገባ ቢያንስ 8 ሴንቲ ስፋት ይተዉለት፣ ሲያጸዱም መጀመሪያ መብራቱን ከማጥፊያው ያጥፉና በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጥረጉ።